ሱሪ አሳጥሬ ሳልጨርስ

አመናችሁም አላመናችሁም... ይህ የሆነው ከቤቴ ግድግዳ ወዲያ ነው። ሐሙስ ዕለት። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ "እማማ ሜትር" እንላቸው ነበር። ያልለኩት ነገር የለም። የኔን ወገብ እንኳ በየዓመቱ እየለኩ "አንቺ ልጅ፣ ጨርቅ ልትጨርሺብን ነው" ይሉኝ ነበር።

ሜትራቸው ያልደረሰበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጃቸው የሚኖርበት ከተማ።

እሱንም እኔ ከስልኬ ፈልጌ ነገርኳቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ 980 ኪሎ ሜትር፤ በረራው አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ። በጠመኔ ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ ጻፉት።

"ሱሪ አሳጥሬ ሳልጨርስ ከች ይላላ!" ብለው ሳቁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሱሪ አሳጠሩ። ልጁ አልመጣም። ሥራ፣ ስብሰባ፣ "በሚቀጥለው ወር"...

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እማማ ሜትር ሞቱ። ዓይናቸውን የከደንኩት በነዚህ እጆቼ ነው።

ለልጁ የደወልኩትም እኔ ነኝ። ሞት በስልክ አይነገርም ብዬ "እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ዛሬውኑ ና" አልኩት። ትኬት ቆረጠ። ስድስት ሰዓት ተኩል ተነስቶ ስምንት ሰዓት ከአምስት ያርፋል። ቀብሩን ለአሥር ሰዓት አደረግነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። እየሳቀ።

"እትዬ፣ በከንቱ አስደነገጥሽኝ እኮ! ጉዞውን ትቼ ወደ ቤቴ እየተመለስኩ ነው።"

"ለምን?"

"አሁን ደወለችልኛ። 'አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ መጣሁ። ቅርብ አይደል' አለችኝ።"

"ማን...?"

"እናቴ ናታ!"

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

"እንዳትለፋ፣ በሚቀጥለው ወር እኔው እመጣለሁ በያት" ብሎ ዘጋው። መልሼ ብደውል፣ ብደውል... አያነሳም።

እየፈራሁ ወደ እማማ መኝታ ክፍል ገባሁ። እማማ አንሶላ ለብሰው እንደተጋደሙ ናቸው።

ጠዋት ምስማር ላይ የሰቀልኩት ሜትር ግን የለም።

አልጋው ሥር የነበረው ጫማቸውም...

ልክ ስምንት ሰዓት ከአምስት ሲል ስልኬ ጮኸ። ልጁ ነው። ያንሾካሹካል።

"እትዬ... በሬ ላይ ቆማለች።"

"እንዳትከፍት!"

"ከፈትኩላት እኮ... አትናገርም። ከራሴ እስከ እግሬ እየለካችኝ ነው።"

"ልጄ፣ ስማኝ! እናትህ ጠዋት..."

"እጇ ደግሞ ሲቀዘቅዝ..."

ተቋረጠ።

ጠዋት "ሞተዋል" ብዬው ቢሆን ኖሮ በሩን ይከፍት ነበር? ይቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከኔ ጋር ታድራለች።

ትምህርቴ ያን ያህል አይደለም። መደመር ግን አላቃተኝም። ስምንት ከአምስት ላይ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት...

ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን የእማማ በር ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ሰው የለም።

ደፉ ላይ የእማማ ጫማ ተቀምጧል። ከጎኑ የወንድ ጫማ... ክሩ እንደታሰረ።

እጄን ከተትኩበት። ገና ይሞቃል።