የፀሐይን ነፋስ የምትለካ ዋንጫ

«ቅቤው የየት ነው?» አለ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ።

«የቦኖሻ።»

«የሺንሺቾ ይሻለኛል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። የአስካለች ልብ ግን አልረጋም። እንዲህ የሚያብለጨልጭ ጫማ በሆሳዕና ጭቃ?

ከተማው ቅቤ ነጋዴ ብሎ ያውቃታል። ድርጅቷ ግን «ጭልፊት» ይላታል። ደርግ ጥላን በሚያስርበት በዚያ ዘመን የተሰጣት አደራ አንዲት የብረት ዋንጫ ናት፤ ወደ ጥልቁ ጠፈር በምትላክ መንኮራኩር ላይ የምትገጠም። ፀሐይ የምትተፋውን ነፋስ ተቀብላ ፍጥነቱን ትለካለች። ነፋሱስ ቢሆን እንደዋዛ ነው? አንዴ እስክታስነጥስ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል!

ኢንጂነር ኤሊያስ ከተማረበት የሶሻሊስት አገር ደብቆ ያመጣት ለምዕራቡ ወገን ሊያሻግራት ነው። ሞኙ፣ የሠራኋት እኔ ነኝ ብሎ ስሙን ቀርጾባታል። ከተያዘች አለቀለት።

«ከወዴት ነህ ወንድሜ?»

«አንጋጫ ተወልጄ አንጋጫ ያደግሁ። ዕቃዋስ?»

«ጓሮ፣ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ።»

ጓሮ የኤሊያስ እህት ጣቢታ እንሰት ትፍቃለች። ሰውዬው አጥሩን አልፎ፣ አጠገቧ ደርሶ ቆመ።

ጣቢታ መፋቋን አቁማ አስካለችን አየቻት።

የአንጋጫ ወንድ ሴት እንሰት የምትፍቅበት ቦታ ቤቱ ቢቃጠል ድርሽ አይልም! ከአጥር ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል እንጂ።

ይህ የደርግ ሰላይ ነው፤ እውነተኛው መልእክተኛ ይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሸጧቸዋል።

አስካለች ፈገግ አለች። ለክፉ ቀን በኮባ ጠቅልላ ከሌላው ጉድጓድ የደበቀችውን የቡታጋዝ ምድጃ ራስ አወጣችለት።

«ፀሐይን የምትለካው ይቺ ናት?»

«ዝም በል! ትንፋሽህ ከነካት ታብዳለች።»

ሰውዬው ትንፋሹን ውጦ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ በሁለት እጁ ታቅፏት እንደ ሙሽራ እያዘገመ ወጣ።

ጣቢታ እውነተኛዋን ዋንጫ ከቆጮው ውስጥ መዝዛ ለአስካለች ሰጠቻት። «ሂጂ!»

«አንቺስ?»

«ሲመለሱ ቤቱን ባዶ ካገኙት መንገድ ይዘጋሉ። እኔ አዋራቸዋለሁ።»

«ይገርፉሻል እኮ፣ እቴ!»

«ወንድሜ ነው አልኩሽ! አትነዝንዢኝ።»

አዲሎ ከተማ ላይ ዋንጫዋ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ገባች። ድንበር ተሻገረች። ኤሊያስን የነካው የለም።

ጣቢታን ግን ወሰዷት።

የቀድሞዋ ቅቤ ነጋዴ ዛሬ ሻሸመኔ ገበያ ውቢት የምትባል ጨው ነጋዴ ናት። ከሆሳዕና የመጣ ደንበኛ ባየች ቁጥር ምላሷ ጫፍ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል።

ትውጠዋለች። ውቢት ሆሳዕናን ረግጣ አታውቅም፤ ጣቢታ የምትባል ሰውም የላትም።