ከዋሻው ደጅ የቀረው ሰው

የአቶ ሳህሉ ጫማ ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ፣ ከሠላሳ ጥንድ መካከል ተቀምጧል። አሰግድ የማያየው መስሎ ያየዋል።

ትኬት ቆራጯ ጀርመናዊት ግራ ተጋብታለች። ቤተ ክርስቲያኗ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ሆድ የገባች፣ የፕሮቴስታንት ናት፤ ሴትየዋ ጫማ አውልቆ የሚገባባት ሰው አይታ አታውቅም። ከፍራንክፈርት ለመጡት ሐበሻ ሽማግሌዎች ግን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሌባውም በዚህ ተማምኖ ነው የመጣው።

ከግራው ጫማ ሶል ሥር የስልክ ሚሞሪ አለ። አገር ቤት የተደበቁ የአሥራ አራት ሰዎች አድራሻ ተጽፎበታል። ጡረተኛው መሐንዲስ አቶ ሳህሉ ማንንም ስለማያምኑ ረግጠውት ይዞራሉ። ከተጓዦቹ አንዱ ሊሸጠው ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም።

አሰግድ ሦስት ዓመት አስጎብኚ መስሎ አብሯቸው ኖሯል። የላከው የጀርመን የስለላ ቢሮ በምስጢር ስም «አጋም» ይለዋል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ሲያንቀላፉ፣ እውነተኛውን ሚሞሪ ወስዶ የሐሰት አድራሻ ያለበትን ተክቷል። ሌባው እሱን ይዞ ገዢው ዘንድ ይሄዳል፤ ቢሮው ይከተለዋል። ከዚያ አሰግድ ያርፋል። ደክሞታል።

«እኔ ዛሬ ንጹሕ አይደለሁም። ከውጭ እሳለማለሁ» አለ ነጋሲ።

ነጋሲ በፍራንክፈርቱ ቦርንሃይም ሰፈር ጎረቤቱ ነው፤ ስንቴ አብረው በልተዋል። አሰግድ ሁሉን እንዲጠረጥር ሠልጥኗል። ደጅ የቆመን ሰው «ለምን?» ማለት ግን ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው።

አልጠረጠረም። ገባ።

«ይህ ሁሉ ዓለት አንድ ጊዜ እሳት ነበር» አለ ለጎብኚዎቹ።

«እኛስ ምን ነበርን ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን ጉልበታቸውን እያሹ።

ሲወጡ አቶ ሳህሉ ጫማቸውን አንስተው ሶሉን ዳሰሱ።

«ወስደውታል» አሉ።

«አሰግድ ነው» አለ ነጋሲ ፈጥኖ። «ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ጫማዎን ሲነካካ አይቼዋለሁ።»

አይቷል። ምን እንዳደረገ ግን አልገባውም።

እውነተኛው ሚሞሪ አሰግድ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። አውጥቶ ቢሰጣቸው ነጻ ይወጣል። ነጋሲ ግን የያዘው ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ ገዢውም ያመልጣል። ነገ ሌላ ሌባ ይልካል።

«እንፈትሸው» አለ ነጋሲ።

አሰግድ ሮጠ።

ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ደረጃ በባዶ እግሩ ወረደ። ከኋላው ስድብ ጠብቆ ነበር። የሰማው የአቶ ሳህሉን ድምፅ ነው።

«ጫማውን ስጡት። ድንጋዩ ይቆርጠዋል።»

ያን ጊዜ እንባው መጣ።

ማምሻውን ስልኩ ጠራ።

«ነጋሲንም ገዢውንም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይዘናቸዋል» አለው አለቃው። «እውነተኛውን ሚሞሪ ለሽማግሌው በፖስታ እንልካለን።»

«ሌባ እንዳልነበርኩ ማን ይነግራቸዋል?»

«ማንም። አሰግድ የሚባል ሰው አልነበረም።»

ኤስ-ባን ባቡሩ ውስጥ የጽዳት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ከፊቱ ተቀመጠች። የደማ እግሩን አየች።

«ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ?»

«ናይን» ብሎ በጀርመንኛ ካደና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።