በእንቆቅልሽ የተሰጠች ከተማ

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር አጋማሽ፣ በካናዳ ምድር በቶሮንቶ ከተማ፣ ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር የድሮዎቹ የመንግሥት ቤቶች ቀይ ጡብ በማሽን ጥርስ እየተነከሰ ይወርድ ነበር፤ በዳንዳስ ጎዳና የሚያልፈው የመንገድ ባቡርም በአቧራው ውስጥ መብራቱን አብርቶ ደወሉን እያንቃጨለ ይሄዳል። ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበር፤ በደቡብ ባለው ጎረቤት አገር ታላላቅ ባንኮች ወድቀው፣ ወሬያቸው ከመሰማቱ ጣጣቸው ድንበር ተሻግሮ የድሃውን ጓዳ ሳይቀር አዳርሶት ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀንሳል፤ ትምህርት ቤቱ አዲስ መምህር አልቀጥርም ይላል፤ ሰውም በየቤቱ ስልኩን እያየ ይቀመጣል።

ማሽኑ ገና ካልደረሰባቸው ቤቶች በአንደኛው፣ ወለተሥላሴ ገረመው የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሻንጣዋን ታዘጋጅ ነበር። ከእናቷ ከወይዘሮ ጠጂቱ ጋር አጎቷ ስፖንሰር አድርጓቸው ወደዚህች ከተማ ስትመጣ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛውም ያን ጊዜ እንደ ዝናብ ከላይ ይወርድባት ነበር እንጂ አይገባትም። መምህሩ «ገባሽ?» ሲላት «የስ» ትላለች፤ ይሉኝታ ይዟት ያልገባትን ገባኝ እያለች፣ ዓመቱን እንደ ሌባ ሹልክ ብላ አለፈችው። በኋላ ቋንቋውን አጥርታ ተማረችው፤ በመምህርነትም ተመረቀች፤ ሹልክ ማለቱ ግን ከአመሏ አልወጣም። ለልምምድ በተመደበችበት ክፍል የነበሩት አሠልጣኝ መምህርት አንድ ቀን ጠርተው፣ «ዕውቀት አለሽ፤ ድምፅ ግን የለሽም። ይህ ሥራ ላንቺ አይሆንም» አሏት። እሷም እንደ ልማዷ ራሷን ነቅንቃ ወጣች፤ ቃሉ ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ከኮሪያ የተገኘው የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥራ እንግዲህ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። እዚያም ካልሆነላት ጠመኔን እርም ልትል ለራሷ ምላ ነበር።

«ሰው ወደ ካናዳ ይመጣል እንጂ ከካናዳ ወደ ኮሪያ ይሄዳል?» አሉ ወይዘሮ ጠጂቱ፣ ሹራብ ላይ ሹራብ እያጨቁላት። «ላይ ኦፍ ተደርጎ ሥራ ያጣ ሁሉ አገር ጥሎ ሊጠፋ ነው? እዚሁ ነርሲንግ ሆም አፕላይ ብታደርጊ ምን ነበረበት?»

ሶፋው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ በታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ሃምሳ አለቃ ዘመድኩን ናቸው። በወጣትነታቸው ከክብር ዘበኛ ተመርጠው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል፤ በስተርጅና ደግሞ የሕንፃውን ልጆች ደረጃው ሥር ሰብስበው እንቆቅልሽ ማጫወት ሹመታቸው ሆኖ ነበር። መቼም ሕጉ የታወቀ ነው፤ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ነግሦ ማሩን ለራሱ፣ ትኋኑን ለተሸናፊው እያለ ይፎክራል። ሃምሳ አለቃ በዚህ መንገድ ከሰፈሩ ልጆች ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ፓሪስን ሳይቀር ወስደዋል።

«ይተዋት፣ ወይዘሮ ጠጂቱ» አሉ። «እኔን ጠመንጃ አስይዘው ላኩኝ፤ እሷ ጠመኔ ይዛ ትሂድ። የኔ ልጅ፣ እዚያ አገር ተራራና ብርድ አለ፤ ሕዝቡ ግን ታላቅ ያከብራል። ሲሰጡሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ።»

«እሺ፣ አባባ። ባይሆንልኝስ?»

«ባይሆንልሽማ አገር ስጪያ! ለኔ ስትሰጪ አይደል የኖርሽው?» ብለው ሳቁ። ለጊዜው ቀልድ ነበር።

ቹንቾን በኮሪያ ምድር በተራሮች የተከበበች፣ ሐይቅ ያላት ከተማ ናት። ወለተሥላሴ የደረሰችበት የግል ትምህርት ቤት ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በኋላ የሚማሩበት ነበር፤ ባለቤቱ ዳይሬክተር ቾይ የቀድሞው መምህር በድንገት ጥሎት ስለጠፋ ቸግሮት እንጂ ፎቶግራፏን አይቶ ደስ ብሎት አልቀጠራትም። ይህንንም አልደበቀም።

«መምህርት፣ እውነቱን ልንገርዎ» አላት። «የካናዳ መምህርት ትመጣለች ስንላቸው እናቶቹ የጠበቁት ሌላ መልክ ነው። በየካቲት መጨረሻ ክፍል ገብተው የሚያዩበት ቀን አለ። ልጆቻቸው ሲናገሩ ከሰሙ ይቆያሉ። ካልሰሙ፣ የመመለሻ ትኬትዎን እቆርጣለሁ።»

«ገባኝ» አለች ወለተሥላሴ። ይህ እንኳ በደንብ ገብቷታል።

ከሥራ ውጭ ያለውን ኑሮ ቶሎ ለመደችው። ወለሉ ከሥር በሚሞቅ በአንዲት ጠባብ ክፍል ታድራለች፤ ፍራሿን መሬት ላይ ዘርግታ ስትተኛ ጀርባዋ እንደ ዳቦ ይበስላል፤ የእናቷ ሹራቦች ከሻንጣ አልወጡም። ገበያ ስትወርድ መልሷን የምትቀበለው እናቷ እንዳስተማሯት ነው፤ ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ በግራዋ ክርኗን ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ። ጎመን የምትሸጠው ባልቴት ይህንን ባየች ቀን ዓይኗን ማመን አቃታት፤ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየቻቸው፤ የአገሬው ሥርዓት ልክ እንደዚያው ነበርና። ከዚያ ወዲያ ወለተሥላሴ ጎመን ገዝታ ያለ ምርቃት የተመለሰችበት ጊዜ የለም፤ አንዳንዴም ምርቃቱ ከጎመኑ ይበልጥ ነበር።

ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ ተነሥተው እጅ ይነሣሉ፤ «ገባችሁ?» ስትላቸው በአንድ ድምፅ «የስ፣ ቲቸር!» ይላሉ። አንዱን ለይታ ስትጠይቀው አንገቱን ይደፋል። በሰው ፊት ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻላቸዋል። ወለተሥላሴ ያቺን «የስ» አሳምራ ታውቃታለች፤ የራሷ ናት። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው የዐሥር ዓመቷ ሱዮን ነበረች፤ እናቷ የዶሮ ጥብስ ቤት አላት፤ ልጅቷ ግን በእንግሊዝኛ ቀርቶ በኮሪያኛም በክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም።

ጥር ገብቶ በረዶው መስኮቱን በሸፈነበት አንድ ከሰዓት፣ ወለተሥላሴ ጠይቃ ጠይቃ ደከማት። መጽሐፉን ዘጋችው፤ ከየት እንደመጣባት ሳታውቅም በገዛ ቋንቋዋ «እንቆቅልሽ!» ብላ ጮኸች። ያቀረቀረው ራስ ሁሉ ቀና አለ። «ምን አውቅልሽ» ማለትን አስተማረቻቸው፤ ከዚያም ሕጉን በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። መልሱን የሚያውቅ ይመልሳል። የማያውቅም አያፍርም፤ አላውቅም ይላል፤ አገር ይሰጣል።

የመጀመሪያው ተሸናፊ አንድ ወፍራም ልጅ ነበር፤ አመንትቶ ቡሳንን ሰጣት። እሷም ነገሠችበት፤ «ቡሳን ሄጄ፣ ዓሣውን ሁሉ እኔ ስበላ፣ እሾሁን ላንተ!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ወዲህ አላውቅም ማለት ነውርነቱ ቀርቶ የባለ ርስት ቃል ሆነ፤ ልጆቹም ኮሪያን ከዳር እስከ ዳር ተከፋፈሏት፤ ሲሰጡም፣ ሲነጥቁም፣ ሲፎክሩም በእንግሊዝኛ ነበር። ሱዮን ብቻ ዝም ብላ ታያለች፤ ከንፈሯ ግን ከሌሎቹ ጋር መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ጫጫታውን የሰማው ዳይሬክተር ቾይ አንድ ቀን ከበሩ ላይ ጠራት።

«መምህርት፣ ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?»

«ሁለቱም ነው፣ ዳይሬክተር።»

«እናቶቹ ሲመጡ መጽሐፉን ብቻ ያስተምሩ። እለምንዎታለሁ፤ ጨዋታ አያሳዩአቸው።»

ወለተሥላሴ ራሷን ነቀነቀች። ቆይቶ ስታስበው ራሷን በመነቅነቋ በራሷ ተናደደች።

ቀኑ ደረሰ። እናቶቹ ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከኋላ ግድግዳው ሥር ተደረደሩ፤ ዳይሬክተሩም ጥግ ይዞ ቆመ። ወለተሥላሴ እንደታዘዘችው መጽሐፉን ገለጠች። ጠየቀች፤ ዝም። ደግማ ጠየቀች፤ ዝም። ልጆቹ እናቶቻቸው ባሉበት ከመሳሳት አንገታቸውን ቢቆረጡ የሚመርጡ ይመስላሉ። እናቶቹ መተያየት ጀመሩ፤ አንዷም ካፖርቷን አነሣች። የአሠልጣኟ ቃል በወለተሥላሴ ጆሮ ላይ ጮኸ፤ ድምፅ የለሽም። የትኬቷንም ቀለም ያየችው መሰላት። እንዲህ ሆኜ ከምባረር የራሴን ሥራ ሠርቼ ልባረር አለችና መጽሐፉን ከደነችው።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!» አለ ክፍሉ፤ መስኮቱ እስኪነዝር ድረስ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፤ ያጣው ሴኡልን ይሰጣል፤ የተቀበለው ይነግሣል። እናቶቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ይስቃሉ። ዳይሬክተር ቾይ ግን አልሳቀም፤ ላቡን ይጠርጋል። በዚህ መካከል በመስኮቱ በኩል አንዲት ትንሽ እጅ ተነሣች።

ሱዮን ቆመች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። «እንቆቅልሽ» አለች መምህሯን እያየች፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ፣ ቃል ከቃል እየለቀመች፣ «ስንገባ ሁለት ሁለቱን ይውጣል፤ ስንወጣ ሁለት ሁለቱን ይተፋል፤ ጠግቦ ግን አያውቅም።»

ወለተሥላሴ አሰበች። አፍ ነው? በር ነው? ምንም አልመጣላትም። በዚያ አገር መምህር በወላጅ ፊት አላውቅም አይልም፤ ዳይሬክተሩ ከጥግ ሆኖ በዓይኑ ይማጸናታል፤ የሆነ ነገር ይበሉ፣ ምንም ይሁን። የድሮው ብልሃት፣ ያ ሹልክ ማለት፣ ደጃፏ ላይ መጥቶ ቆመ። ያወቀች መስላ ራሷን ነቅንቃ፣ «ጎበዝ!» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ልጅቷ ግን እያየቻት ነው።

«አላውቅም» አለች ወለተሥላሴ ጮክ ብላ። ይህን ቃል በሰው ፊት ስትናገረው በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። «አገር ልስጥሽ። ቹንቾንን ውሰጂ።»

ሱዮን ራሷን ወዘወዘች። «ቹንቾን ትንሽ ናት። ቶሮንቶን።»

«ቶሮንቶን?»

«አዎ። ያንቺን።»

«ውሰጃት» አለች ወለተሥላሴ። ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ በግራዋ ክርኗን ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ከተማዋን ሰጠቻት፤ ሱዮንም በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያም ያቺ ድምፅ አልባ ልጅ ነገሠች። «ቶሮንቶ ሄድኩ። ረጅሙ ማማ፣ የኔ። መስኮቱን የምትወለውለው፣ መምህሬ። ሐይቁ፣ የኔ። በረዶው፣ የመምህሬ። መምህሬ ሲርባት ግን ዶሮ እሰጣታለሁ።»

እናቶቹ እያጨበጨቡ ተነሡ። የሱዮን እናት ግን አላጨበጨበችም፤ እያለቀሰች መጥታ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። «ልጄ በሰው ፊት ስትናገር ስሰማ ዛሬ ገና ነው» አለች። ወለተሥላሴም አለቀሰች፤ ደስታዋ ልቧን ሞልቶ ፈሰሰ፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። የእንቆቅልሹን መልስ ኋላ ነገሯት፤ ልጆቹ ሁሉ ሲገቡ ጫማቸውን የሚያስቀምጡበት፣ እሷም በየቀኑ የምትጎነበስበት የበሩ ላይ መደርደሪያ ነበር።

ዳይሬክተር ቾይ እንግዶቹን ሸኝቶ ተመለሰ። «መምህርት፣ ለሚቀጥለውም ዓመት ይቆዩልን» አለ። ወዲያና ወዲህ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «እኔም እኮ አላወቅሁትም ነበር።»

ወለተሥላሴ ዓመቱንም፣ ከዚያ በላይም ቆየች። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ስትመለስ የድሮው ቀይ ጡብ ጠፍቶ ወይዘሮ ጠጂቱ ከአዲሱ ሕንፃ ገብተው ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ዘመድኩንም ከዘራቸውን ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቋት።

«ምን አመጣሽልኝ?» አሏት።

«ምንም፣ አባባ። እንዲያውም ቶሮንቶን ሰጥቼ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ በሥላሴ! እኛ የት ልንኖር ነው ታዲያ?»

በዚያው ሰሞን በሰፈሩ ለአዲስ ገቢዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ይፈለግ ነበርና ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። ከፈታኞቹ አንዱ ከባድ ጥያቄ ሲያነሣባት፣ «ይህንን አላውቅም፤ የማውቀውን ግን ላሳያችሁ» አለችና ጠመኔውን አነሣች። በዚያው ቀን ቀጠሯት፤ ድምፅሽ አይሰማም ያላትም አልነበረም።

ሐምሌ ሁለት ሺህ ዐሥር ነው። ወለተሥላሴ በሪጀንት ፓርክ ከሶርያም፣ ከኤርትራም፣ ከሶማሊያም የመጡ ጎልማሶችን እያስተማረች ሳለ ከበሩ ውጭ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እንቆቅልሽ!»

ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። «ምን አውቅልሽ?» አለች።

በሩን ከፍታ የገባችው ሻንጣ ያዘለች፣ ረዘም ያለች የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ናት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች፤ ማስቀመጫ ፈልጋ ግራ ቀኝ ትመለከታለች። «ዩኒቨርሲቲ ልገባ መጣሁ፣ መምህሬ» አለች ሱዮን። «ግን ከተማዬ የጫማ መደርደሪያ የላትም?»

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የባንኮቹን ውድቀት፣ የሪጀንት ፓርክንም ፈርሶ መታነጽ ጽፈዋል፤ መልካም አደረጉ፤ ሊጻፍ የሚገባው ነው። ሥራ አጥተው ከካናዳ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ስለተሻገሩት ወጣት መምህራን ግን ብዙም አላሉም፤ ከእነርሱም አንዲቱ በእናቶች ፊት አላውቅም ብላ ከተማ ስለመስጠቷ ጨርሶ የጻፈ የለም። ሃምሳ አለቃ ዘመድኩን ብቻ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያውን አልፎ ሳለ፣ ሱዮንን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «እመቤቴ፣ እኛ ተከራዮችሽ ነን፤ አታስወጪን» ብለዋታል። ቶሮንቶ ራሷ ግን የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አታውቅም።