የምላምባ ወፍጮ በማን እጅ ቆመ?

ዋኬሾ ሳጅን ሪጋን የሰደበችው በምዋታቴ ገበያ፣ ሐሙስ ቀን፣ የአምናው ዝናብ ሊገባ ሲል ነበር። የተሰረቀባትን ጀሪካን ልታመለክት መጥታ፣ «ይሄ ነው መርማሪያችሁ? ቆቡን ራሱ ላይ ደፍቶ ቆቤ ጠፋ የሚለው!» አለች። ሳቁን ሙዝ ሻጯ ጀመረችው፤ የመንደሩ ሹም ቺፍ ዳሊ ሆዱን ይዞ ጨረሰው። ሪጋ ማን ምን ያህል እንደ ሳቀ አልረሳም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ሌላ የሚያስታውሰው ብዙ ነገር የለውም።

አሁን ያቺው ዋኬሾ እጇን በካቴና ታስራ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከአጥሩ ውጭ ሊያቃጥሏት አሮጌ ጎማና ክብሪት የያዙ ጎረምሶች ይጠባበቃሉ።

«ሳጅን፣ ነገሩ አልቋል» አለ ቺፍ ዳሊ። «ለወፍጮው የምትሸጠው ዘይት ምዜ ምላምባን ገደላቸው። ይዘሃት ወደ ቮይ ጣቢያ ሂድ። ከዘገየህ ልጆቹ ራሳቸው ይፈርዳሉ፤ እኔ አላየሁም።»

«አንተ መቼ አይተህ ታውቃለህ?» አለና ሪጋ ወደ ውስጥ ገባ። እሷን ለመበቀል ምንም ማድረግ አያስፈልገውም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

የወፍጮው ባለቤት፣ ሽማግሌው ምዜ ምላምባ፣ ከሞተሩ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ጆሮ ግንዳቸው ተፈንክቷል። ደም የነካው ማኖቬላ፣ ሞተሩ የሚነሳበት ጠማማ ብረት፣ ከቀኝ እጃቸው አጠገብ ተጋድሟል። ሪጋ ጎንበስ አለ። የሽማግሌው ፀጉር ዱቄት ለብሷል፤ ደሙም በዱቄቱ ላይ ፈስሶ ደርቋል። የወፍጮው አፍ ገና ያልተፈጨ በቆሎ ይዟል።

«ምን ይመረመራል?» አለ ከበስተኋላው አንድ ድምፅ። ኛምቡ ነበር፤ ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ቀይ ፈሳሽ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ራሱን «የሞተር ሐኪም» ብሎ የሾመ ሰው። ነጭ ጋዋን ለብሷል። «የእሷ ዘይት ወፍራም ነው ብዬ ስንቴ ተናገርኩ! ሞተሩ አልነሳ ሲላቸው ታገሉት፤ ማኖቬላው ወደ ኋላ ተፈናጠረና አናታቸውን አላቸው። የኔን ጠርሙስ ቢጨምሩበት ኖሮ ዛሬ ኡጋሊ ገንፏቸውን ይበሉ ነበር።»

«ጠርሙስህ ምን ያደርጋል?»

«ሞተር ያጥባል፣ ጭስ ይቀንሳል፣ ናፍጣ ይቆጥባል፣ ጉልበት ይጨምራል።»

«መሀንስ አያስወልድም?»

«አንተ አይገባህም። ይሄ ሳይንስ ነው።»

«እዚህ ቤት መጨረሻ የገባኸው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ ደጃፉን አልረገጥኩም። በዘይት የሚሄድ ሞተር ሳይ ያመኛል።»

ሪጋ ኛምቡን አስወጥቶ የወፍጮውን ሠራተኛ ንጌቲን ጠራው። ንጌቲ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ሄዶ፣ ዛሬ ጠዋት ሲመለስ ነው አስከሬኑን ያገኘው። ዓይኑ አብጧል።

«ይሄ ሁለት በርሜል ምንድን ነው?»

«ትንሹ ንጹሕ ናፍጣ ነው፣ አፋንዴ ሳጅን። ትልቁ የማማ ዋኬሾ ድብልቅ። እዚህ ከሚበቅል ብሳና መሰል ዛፍ ፍሬ ዘይት ጨምቃ ከናፍጣ ጋር ታዋህደዋለች። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ስለዚህ በናፍጣ ታስነሳለህ፤ ሲሞቅ ማዞሪያውን ወደ ድብልቁ ታዞራለህ። ልታቆም ስትል ደግሞ ወደ ናፍጣ መልሰህ፣ ዘይቱ ከቧንቧው እስኪጠራ ጠብቀህ ታቆማለህ።»

«ማቆሚያው የታል?»

«እጀታው ባለፈው ሰኞ ተሰበረ። ከበርሜሉ ጀርባ ሽቦ አስረናል፤ እሱን ነው የምንስበው።»

ሪጋ ማዞሪያውን አየ። ወደ ትልቁ በርሜል ዞሯል። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን ፋኖስ አወረደ። ሆዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀይ ነው። አሸተተውና መልሶ አስቀመጠው።

አስከሬኑ በሸማ ተሸፍኖ ከወጣ በኋላ ንጌቲ ቧንቧውን አጥቦ ሞተሩን አስነሳ፤ ሲሞቅም ወደ ድብልቁ አዞረው። ጭሱ በዘይት የተጠበሰ የማንዳዚ ሊጥ ሸተተ። ሪጋ ዋኬሾንና ቺፉን ጨምሮ ሁሉንም አስገባ።

«አንድ በአንድ ሞተሩን ታቆማላችሁ» አለ። «ሐኪሙ ይቅደም።»

«የሕፃን ሥራ!» አለ ኛምቡ። እጁን ወደ በርሜሉ ጀርባ ሰደደና ሽቦውን ሳበ። ሞተሩ ተንተፋትፎ ጸጥ አለ።

ሞተሩ እንደ ሞቀ መልሰው አስነሱት። ንጌቲ ተራው ሲደርስ መጀመሪያ ማዞሪያውን ወደ ናፍጣ መለሰ፤ ቆይቶ ሽቦውን ሳበ። ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ድብልቁ ሲዞር ዋኬሾ ካቴና በእጇ እንዳለ ማዞሪያውን በክርኗ ወደ ናፍጣ ገፋችና «አሁን ማሾፉን ተውና ፍታኝ!» ብላ ጮኸች።

ሪጋ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ምዜ ምላምባ ሞተር ሲያስነሱ አልሞቱም። ቢሆንማ ማዞሪያው ናፍጣው ላይ በተገኘ። ዱቄቱም ከደሙ ሥር ነው፤ እየፈጩ ሳለ ነው የተመቱት። ማኖቬላው እጃቸው አጠገብ የተጣለው በኋላ ነው። ታዲያ ሞተሩን ማን አቆመው? ንጌቲና ዋኬሾ ማዞሪያውን ሳይመልሱ ማቆም አያውቁበትም፤ እጃቸው እንቢ ይላል። ያቆመው የማዞሪያውን ሥራ የማያውቅ፣ የሽቦውን ቦታ ግን የሚያውቅ ሰው ነው። ሽቦው የታሰረው ባለፈው ሰኞ ነው። አንተ ግን ከፋሲካ ወዲህ አልመጣህም፤ አይደል ሐኪም?»

«እኔ... ሰው ነግሮኝ...»

«ማን?»

ኛምቡ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ጠርሙስህን ሽማግሌው ፋኖስ ውስጥ ጨምረው አበሩት» አለ ሪጋ። «ቀለም የተጨመረበት ነጭ ጋዝ ነው።»

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሰው ሁሉ ፊት አበራዋለሁ ብለው ነበር» አለ ንጌቲ ቀስ ብሎ። «እኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ለካ ማጭበርበሩን ሊያጋልጡ ኖሯል።»

ኛምቡ በሩን በርግዶ ወጣና ወደ አጥሩ ሮጠ። ጎማ የያዙትን ጎረምሶች ሲያይ ቆመ። ተመልሶ መጥቶ ሁለት እጁን ራሱ ለሪጋ ዘረጋ። «ውሰደኝ» አለ፤ «በእግዚአብሔር፣ ቶሎ ውሰደኝ!» ጋዋኑን ቢያወልቁት የሞተር ሐኪሙ አንድ ሰው አይሞላም ነበር።

ሪጋ ካቴናውን ከዋኬሾ ፈትቶ ለኛምቡ አሰረለት። ስለ ምላምባ አንድም ሰው «ነፍስ ይማር» አላለም።

«ሳጅን» አለ ቺፍ ዳሊ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «እኔ ለትራክተሬ አንድ ካርቶን ገዝቻለሁ። ጨርሶ አይጠቅምም ነው የምትለው? ትንሽም?»

«ጉልበትስ ጨምሮልኝ ነበር» አለ ሌላ ገበሬ።

«ሲወርድ ነዋ፣ ቁልቁለቱን!» አለ ሦስተኛው እየሳቀ።

ዋኬሾ አንጓዋን እያሻሸች ከመካከል ገባች። «ሳጅን፣ ንገራቸው እንጂ! ለሞተር የሚበጀው የእኔ ዘይት ነው በል፤ በአፍህ መስክር!»

«እሱም ማጣሪያውን በየወሩ ይደፍናል» አለ ንጌቲ።

«ዝም በል አንተ! ሳጅን፣ ተናገር እንጂ! የትኛው ይሻላል?»

ሪጋ አያት። ኛምቡን ጀርባውን ገፋ አደረገና ወደ ቮይ መንገድ ገባ።