በአንድ ድምፅ

«እኔ አልተስማማሁም» አለች ቀጭኔ። «እጄን ያነሳችው እሷ ናት።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሊቀመንበሯ ዞሩ። ቢሮው በተማሪዎችና በወላጆች ተጨናንቋል። ሊቀመንበሯ የተማሪዎች ኅብረት መሪ ናት። ቀጭኔ ደግሞ በቁመቷ ምክንያት ይህ ስም የወጣላት፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የማትለያት ጓደኛዋ ናት።

«እውነት ነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «አስገድደሻት ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ትባረሪያለሽ። በሩን ለመቆለፍ ሁላችሁም ተስማምታችሁ ከሆነ ግን ሁላችሁም ለሁለት ሳምንት ትታገዳላችሁ።»

ሊቀመንበሯ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ አባቷ ቆሟል፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የደንብ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው።

«ሁላችንም በአንድ ድምፅ ነው የወሰንነው» አለች። ሌሎቹ የኮሚቴ አባላትም እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጭኔ አላለቀሰችም። አንዴ አየቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የልዩ ሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት ፈተናን አልፋ ቦታ አግኝታ ነበር፤ እገዳ የተመዘገበበት ተማሪ ግን እዚያ አይገባም። ሊቀመንበሯ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ኅብረቱ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ውሃ ከጠፋበት ወራት አልፈው ነበር። «ባዶ ባልዲ ይዘን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ብንቀመጥስ?» ያለችው ራሷ ቀጭኔ ናት። ተቀመጡ። መጀመሪያ ጥቂት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ በማግስቱ ወንዶቹም ባልዲ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ዞሩ። ሳምንቱ ሳያልቅ ቧንቧው አስሎ አስሎ ውሃ ተፋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው ተባለ። ለኅብረቱም አሮጌው የስፖርት ዕቃ መጋዘን ተሰጠው፤ የተነፈሱ ኳሶች ላይ ተቀምጠው ሊቀመንበር መረጡ።

«በአንድ ድምፅ» የሚለውን ደንብ ያወጣችው ሊቀመንበሯ ናት። የሁሉም እጅ ካልተነሳ ስብሰባ አይበተንም፤ ማንም አይወጣም። መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር። የመጋዘኑ በር ሰማያዊ ይቀባ ሲባል አንድ ልጅ አረንጓዴ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ የረታው ክርክር ሳይሆን ሽንቱ ነው፤ እጁን አነሳና እየሮጠ ወጣ። በሩም ሰማያዊ ሆነ።

እየቆየ ግን ሳቁ ቀረ። አባላቱ ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር ጀመሩ፤ ጨርቅ ያላሰረ ደግሞ ከቧንቧው ሰልፍ ወደ ኋላ ይላካል። ሊቀመንበሯ በኮሪደር ስታልፍ ትንንሾቹ ተማሪዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው መንገድ ይለቁላታል። አሁን ስታስበው ያሳፍራታል፤ ያኔ ግን ደስ ይላት ነበር።

ስለ ሰልፉ አቤቱታ የበዛባቸው ርዕሰ መምህር መጋዘኑን መልሱ ሲሉ፣ ኅብረቱ በፈተና ቀን የግቢውን በር በሰንሰለት ለመቆለፍ ሊወስን ተሰበሰበ። እጅ ሁሉ ተነሳ፤ የቀጭኔ ብቻ ቀረ።

«ፈተናው እኮ የትልልቆቹ ነው» አለች። «እነሱ ምን አደረጉን?»

«ባክሽ ፋራ አትሁኚ!» አላት አንዱ።

«ፋራ በለኝ። አላነሳም።»

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ሄደች። የራበው ማጉረምረም ጀመረ። ሁሉም የሚያየው ሊቀመንበሯን ነው። ተነሳችና የቀጭኔን አንጓ ይዛ ክንዷን ወደ ላይ ሳበችው። «ይኸው! በአንድ ድምፅ!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጭኔ እጇን መንጭቃ ወጣች።

የፈተናው ቀን ተፈታኞቹ በር ላይ ቀሩ፤ ግፊያ ተነሳ። ሰንሰለቱን ሊፈቱ የሚታገሉት ዘበኛ ተገፍተው ወደቁና ግንባራቸው ተፈነከተ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ ተማሪ ለመድኃኒት ቢፈለግ አልተገኘም። ቀያዮቹን ጨርቆች መጸዳጃ ቤት ጥለዋቸው ፍሳሹን ደፈኑት። ኅብረቱ ያበቃው በዚህ ነው።

እገዳው በተነገረ ማግስት አባቷ «ቤት ተጎልተሽ ከምትውዪ» ብሎ በአውቶቡሱ ይዟት ወጣ። ከወንበሩ ጀርባ ተቀመጠች። ገበያው አጠገብ ሲደርሱ የቀጭኔ እናት ገቡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ ታቅፈዋል። ሊቀመንበሯ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እኔ ቅር ብሎኛል እህቴ» አላቸው አባቷ። «ልጅሽ የኔን ልጅ በሰው ፊት ወነጀለቻት። የኔዋ ምላሷ ረዥም ነው፣ ትዕቢቷም ለጉድ ነው። ዋሽታ ግን አታውቅም።»

አሁን ይጣላሉ ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ። አልዋሸሁም ብላ ብትምልልኝም አላመንኳትም። ያ ሁሉ ልጅ ሊዋሽ ነው እንዴ አልኩ። ትናንት… መታኋት። እኔ ልጄን መትቼ አላውቅም ነበር።»

የሊቀመንበሯ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ተሰምቷት አያውቅም። ትናንት ቢሮ ውስጥ መባረርን ፈርታ ነበር፤ አሁን ግን የፈራችው ዝም ብላ ቤቷ መግባትን ነው።

«አባዬ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ አውርደኝ።»

«ታግደሽ የለም እንዴ? ምን ልትሠሪ?»

«ቀጭኔ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ወደ ሴትዮዋ ዞረች፤ ዐይናቸውን ማየት ግን አልቻለችም። «እትዬ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። እጇን ጎትቼ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አሉ ሴትዮዋ።

«እንዳልባረር ፈርቼ።»

አባቷ በመስታወቱ ውስጥ ሲያያት የሌላ ሰው ልጅ የሚያይ ይመስል ነበር። ትምህርት ቤቱ ፌርማታ ጋ ሲደርስ በሩን ከፈተ።

«አብሬሽ ልውረድ?» አለ ሳይዞር።

«አይ አባዬ። ሰው ይረፍድበታል።»

የርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ቀና ብላ አየቻት። «ደግሞ ምን ፈለጋችሁ? ሌሎቹስ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ይቆያሉ።»

«እጠብቃለሁ» አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።