ሃያኛው መስመር

ገዥው ሥልጣን በያዘ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ዝናብ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማለዳ ከተማዋ ገና የተቃጠለ እህል ትሸት ነበር። ከወንዙ ዳር ያለው ትልቁ የመንግሥት ጎተራ ከሦስት ቀን በፊት ነድዷል። እሳቱ የተነሣው ጠባቂው ፋኖሱን ሳያጠፋ እንቅልፍ ስለ ጣለው መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን አንድ ነገር እንዲያው በአጋጣሚ ይነድዳል ብሎ ለገዥው የሚነግር ሹም አልነበረም፤ ስለዚህ እሳቱ ሴራ ሆነ፤ ሴራ ከሆነ ደግሞ ሴረኞች ያስፈልጉታል፤ የከተማው አዛዥም በሁለት ቀን ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ሴረኞች አገኘ።

የዐሥራ ዘጠኙ ስም በአዛዡ የተቻኮለ ጽሕፈት ተሞነጫጭሮ ወደ ጽሕፈት ቤት ደረሰ፤ በንጹሕ ገልብጦ ለገዥው ፊርማ የማዘጋጀቱ ሥራ የቁም ጸሐፊው ነበር። ይህ ሰው የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ በስድስት ጠረጴዛዎች ከተሞላው ረጅም ክፍል ውስጥ፣ የበቅሎዎቹን ጋጣ በሚያሳየው መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ ፊደሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፤ ሲጽፍ ትንፋሹን ይይዝና ቃሉ ሲያልቅ ይለቀዋል።

ለገዥው የሚቀርብ የስም ዝርዝር የሚጻፍበት ወረቀት ሃያ መስመር ነበረው። በአገዛዙ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ከተፈረመ ዝርዝር ግርጌ የጠላቱን ስም ሹልክ አድርጎ አስገብቶ ተገኘ፤ ገዥውም «ከእንግዲህ ባዶ መስመር እንዳላይ» አለ። ጸሐፊዎቹም የተረፈውን መስመር በቀይ ቀለም እየሰረዙ አምስት ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ገዥው ጣቱን በቀዩ ሰረዝ ላይ አሳርፎ «ይህን ሰው ማን ነው የሰረዘው?» ሲል ጠየቀ። አጋፋሪው «ማንም አልተሰረዘም፤ ባዶ መስመር ነው» ሊል ይችል ነበር፤ ነገር ግን «ይጣራል፣ ጌታዬ» አለ። ተጣራም፤ ሰረዙን ያሰመረው ጸሐፊ በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀይ ሰረዝ ቀረ፤ ባዶ መስመርም እንደ ተከለከለ ኖረ፤ ታዲያ ወረቀቱ መሙላት አለበት ማለት ነው። እንዲህ የሚል ትእዛዝ አልወጣም፤ ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ግን አወቀው።

«ዐሥራ ዘጠኝ ነው» አለ ቁም ጸሐፊው፣ ወረቀቱን ለጽሕፈት ቤቱ ሹም እያሳየ።

ይህን ሹም ጸሐፊዎቹ በሌለበት «አቤት» ይሉታል፤ የገዥው ደወል በተሰማ ቁጥር ድምፁ ሦስት ግድግዳ አልፎ እንደማይሰማ እያወቀ እንኳ «አቤት!» ብሎ ብድግ ስለሚል ነው። አንድ ቀን የበቅሎ ቃጭል ሰምቶ ተነሥቶ እጅ ነሥቷል እየተባለም ይቀለድበታል።

«ቆጥሬዋለሁ» አለ አቤት።

«አዛዡ አንድ ስም እንዲጨምሩልን ብንልክባቸውስ፣ ጌታዬ?»

«ምን ብለህ? ‹አንዱን አስመልጠዋል› ብለህ? ነገ እኔንና አንተን ጨምሮ ሃያ አንድ ያደርገዋል።»

«እንግዲያው ዐሥራ ዘጠኝ መስመር ያለው ወረቀት እናሰምር።»

«ወረቀቱ በዚህ ልክ ይሁን ያሉት ማን ይመስሉሃል?»

ከጥጉ ጠረጴዛ፣ መዝገብ ጠባቂው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድሮ እኮ በቀይ ቀለም አንዴ ሰረር እናደርገው ነበር...»

«አባባ፣ እስቲ አሁን ያ ሰረር ያደረገው ሰውዬ የት እንዳለ ይንገሩን?»

ሽማግሌው አንገቱን ወደ መዝገቡ መለሰ።

«እስከ ስድስት ሰዓት ሞልቶ ይቅረብልኝ» አለ አቤት። «ስም ከጠፋብህ ደግሞ አንተም ስም አለህ፤ አጻጻፉ አይቸግርህም» ብሎ ሣቀ። ሹሙ ስለ ሣቀ አምስቱ ጸሐፊዎችም ሣቁ።

ቁም ጸሐፊው አልሣቀም። ዐሥራ ዘጠኙን ስሞች ከነሙያቸውና ከነሰፈራቸው ጻፈና ብዕሩን አነሣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያ አገዛዝ በክፉ ሰዎች ብቻ ቢቆም ኖሮ ዓመት ባልሞላው ነበር። በአጥር የሚጣላውን ጎረቤቱን አሰበና ልጆቹ ትዝ ብለውት ተወው። ያለ ቅጣት ሊጻፍ የሚችል ስም ፈለገ፤ ማንም የማይጎዳበት፣ ማንም የማያለቅስበት። ከዚያ የሚስቱ አባት፣ ኮርቻ ሰፊው ሽማግሌ ታወሰው፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቃሬዛውን ከፊት በኩል የተሸከመው ራሱ ነበር። ሙት ምን ይሆናል? አለ በልቡ። ትንፋሹን ይዞ የሟቹን ስም ጻፈ፤ ሙያና ሰፈሩንም ጨመረ፤ ትንፋሹን ለቀቀ። እንዲያውም በብልሃቱ ጥቂት ኮራ።

ገዥው ከምሳ በፊት ፈረመ። አላነበበውም፤ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች በኅዳጉ ላይ አንሸራተተ፤ ክፍተት አላገኘም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መቶ አለቃ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ወደ ኮርቻ ሰፊው ቤት ገባ። ቤቱ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ነው፤ ቆዳ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ የሟቹ ልጅ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ በእንጨት ፈረስ ላይ ያልተፈጸመ ኮርቻ አስቀምጦ ወስፌ ይዞ ይሰፋል። እናቱ ከደጃፉ ክር በሰም ታሻለች።

«ባለቤትሽ የት ነው?» አለ መቶ አለቃው።

«መቃብር ነው ያለው ልጄ። ሁለት ዓመቱ።»

«አትቀልጂ እማማ።»

«በሞተ ባሌ ልቀልድ? ና ላሳይህ፤ ሩቅ አይደለም።»

መቶ አለቃው አመናት። እንዲያውም ከሽማግሌው ኮርቻ ገዝቶ ያውቃል፤ መሞቱንም በወቅቱ ሰምቶ ነበር። ነገር ግን የወኅኒው ዘበኛ እስረኛ የሚረከበው መስመር እየቆጠረ ነው፤ አምና አንድ ባልደረባው ሠላሳ ዘጠኝ ይዞ ሄዶ አርባኛው ራሱ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ዓይኑን ወደ ወጣቱ አዞረ።

«አንተስ ማነህ?»

«ልጁ ነኝ።»

«ተነሣ።»

«በማን ስም?»

«በአባትህ።»

«ሞቷል እኮ ነው የምንልህ፣ ሰውዬ!»

«ሰምቻለሁ። ስምህ ሲጠራ ‹አለሁ› በል፤ ሌላ ነገር ባትናገር ይሻልሃል።»

ወጣቱ እናቱን አየ፤ ኮርቻውን አየ። «ይህችን ስፌት ልጨርሳት፤ የሰው ሥራ ናት» አለ።

መቶ አለቃው ፈቀደለት፤ ደጉን ነገር ሁሉ የሚያደርገው በዚህ ልክ ነበር። ወጣቱ አምስት ስፌት ሰፋ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ወጣ። በደንቡ መሠረት አንዱ ወታደር ቁም ጸሐፊው የገለበጠውን የዝርዝሩን ቅጂ በሱቁ መዝጊያ ላይ በሚስማር መታው።

ቁም ጸሐፊው ማታ ከሥራ ሲመለስ ያ ቅጂ በመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው፤ አናቱ ላይ የሚስማሩ ቀዳዳ ነበረበት። ሚስቱ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማለች። ማንበብና መጻፍ ያስተማራት እርሱ ነው፣ በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት።

«ወንድሜን ወሰዱት» አለች። «በአባቴ ስም። ይህ ጽሕፈት የማን ነው?»

«ቁጭ በይ መጀመሪያ።»

«የማን ነው?»

«ካልሞላሁት የእኔ ስም ነበር የሚገባው። ሞቷል፣ ምን ይሆናል ብዬ ነው፤ እስቲ ሙት ምን ይሆናል?»

«ያንተም አባት ሞቷል» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «የእሱ ስም ለምን አልመጣልህም?»

በእርግጥ መጀመሪያ የመጣለት የአባቱ ስም ነበር፤ ነገር ግን የአባቱ ስም ከራሱ ስም ቀጥሎ ያለው ስም ነው፤ የሚፈልጉት ሰዎች ወደ ማን ቤት እንደሚመጡ ያውቅ ነበርና ተወው። ሙት ምን ይሆናል ያለው ይህን ካሰበ በኋላ ነው። እርሷም ፊቱን አይታ ይህንኑ አነበበች።

«ነገ ሄደህ ታወጣዋለህ።»

«አወጣዋለሁ።»

«ማልልኝ አልልህም» አለች፤ ወረቀቱን አጠፈችና በደረቷ ያዘችው።

በማግሥቱ ማለዳ ቁም ጸሐፊው ከሹሙ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አቤት ቀስ ብሎ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ለጌታችን የሞተ ሰው አስፈረምካቸው?»

«ጌታዬ፣ ማንንም አይጎዳም ብዬ...»

«ይህን ከእኔ ሌላ ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

ሹሙ ላቡን ጠረገ። ገዥውን ሁልጊዜም ይፈራ ነበር፤ ዛሬ ግን የፈራው ለራሱ ነፍስ ስለ ነበር አእምሮው ቶሎ ሠራ። «ስማኝ። ቀለም ፈሰሰበት ብዬ አንድ ጊዜ እንደገና ላስፈርመው እችላለሁ። አያነቡትም፤ ታውቃለህ። ግን ሃያ ነው የገባው፤ ሃያ ነው የሚወጣው። የሚስትህ ወንድም ይውጣ፤ በቦታው ማን ይግባ?» አዲስ ወረቀት ወደ እርሱ ገፋ። «ስም አምጣ።»

ቁም ጸሐፊው ተቀመጠ። ዐሥራ ዘጠኙን ጻፈ። በሃያኛው መስመር ላይ ብዕሩ ቆመ።

የራሱን ስም ያውቀዋል። በሕይወቱ ሙሉ በሺህ ወረቀት ላይ ጽፎታል፤ እጁ ሳያስብ የሚጽፈው ስም እርሱ ብቻ ነው። ብዕሩን ነከረ፤ ቀለሙ ደረቀበት፤ እንደገና ነከረ፤ እንደገና ደረቀበት። በመስኮቱ ሥር በቅሎዎቹን ይጭናሉ፤ አንዱ ኮርቻ የሟቹ አማቱ ሥራ መሆኑን ከስፌቱ አወቀ። ከዐሥራ ዘጠኙ አንዱም ጎተራውን እንዳላቃጠለ ደግሞ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ፤ ትናንት ሲጽፋቸው አላሰበውም ነበር።

«እህሳ?» አለ አቤት።

ለሦስተኛ ጊዜ ነከረ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ጻፈ።

ሹሙ ወረቀቱን ተቀብሎ ከትናንቱ ጋር አስተያየ። «ያው ነው እኮ» አለ።

«ያው ነው፣ ጌታዬ።»

«ጥሩ ነው። አይጣልም፤ ለመዝገብ ቤት ቅጂ ይሆናል።»

ሽማግሌው መዝገብ ጠባቂ ቅጂውን ተቀበለ፤ በቦታው አስቀመጠ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከሚሞት ድረስ የቁም ጸሐፊውን ሰላምታ አልመለሰም። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የታየው ተቃውሞ ይህ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሃያዎቹን ከወንዙ በታች ወዳለው ሜዳ አወጧቸው፤ ሕዝቡም እንዲያይ ታዝዞ ወጣ። ስም ጠሪው ከላይ ጀምሮ ጠራ፤ ሁሉም «አለሁ» አሉ። ሃያኛው ስም ሲጠራ ወጣቱ ኮርቻ ሰፊ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እሱ ሞቷል፤ እኔ ልጁ ነኝ» አለ፤ የራሱንም ስም ተናገረ። ስም ጠሪው ቀና አላለም፤ መስመሩ አልቆ ነበርና ወረቀቱን ጠቀለለ። የሰማው ሰው ብዙ ነው፤ የጻፈው ግን የለም። ከቀትር በፊት ሃያውም ተገደሉ።

ሚስቱ በዚያው ቀን ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ አልተመለሰችም። ቁም ጸሐፊው ለዚያ ገዥ አራት ዓመት፣ ገዥውን ጥሎ ለተተካው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ጻፈ፤ ያማረ ጽሕፈት የማይፈልግ መንግሥት የለምና።

ዘመን አለፈ፤ መዝገብ ቤቱም ለተመራማሪዎች ተከፈተ። የዚያን አገዛዝ ታሪክ በሁለት ቅጽ የጻፈውን ሊቅ አንድ ነገር አስገረመው፤ በዚያ ዘመን የተደረሰባቸው ሴራዎች ሁሉ ሃያ፣ አርባ ወይም ስድሳ ሰዎች የተሳተፉባቸው ነበሩ። ከዚህም ተነሥቶ ተቃዋሚዎቹ ሃያ ሃያ እየሆኑ በመሐላ የሚተሳሰሩበት ምሥጢራዊ ማኅበር እንደ ነበራቸው አስረዳ፤ «የሃያዎቹ ማኅበር» የሚለው ምዕራፍ ዛሬም በትምህርት ቤት ይነበባል። በጎተራው ሴራ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ያለው ኮርቻ ሰፊ ከመያዙ ሁለት ዓመት በፊት በመቃብር መዝገብ ላይ መገኘቱንም አላለፈውም፤ ሰውየው ለመደበቅ ሲል የራሱን ሞት ያስወራ የማኅበሩ ዋና መሪ ነበር ሲል ደመደመ። ስለ ልጁ ምንም አልጻፈም፤ በሰነዱ ውስጥ ልጅ የለም።

በሚስማር የተበሳው ቅጂ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ከአንዲት አሮጊት ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ ወደ ቤተ መዘክር ገባ፤ ዛሬ በመስታወት ሥር ተቀምጧል፤ ጎብኚዎች ቆም ብለው የጽሕፈቱን ውበት ያደንቃሉ። አሮጊቲቱ፣ ገና በወጣትነቷ፣ ከሃያኛው መስመር በታች የወንድሟን ስም ልትጽፍ ፈልጋ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ባዶ ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ ገልብጣ በጀርባው ጻፈችው፤ የሞተበትንም ቀን ጨመረች። የቤተ መዘክሩ ባለሙያዎች ወረቀቱ እንዳይቀደድ ተጨንቀው በወፍራም ካርቶን ላይ በጥንቃቄ ለጥፈውታል፤ ጀርባው አይታይም።