አስር ጭረት

ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጎ አነበበው። ጸሐፊዋ ከእህቷ አልጋ ግርጌ ቆማ እጁን እጁን ታያለች። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ነው ቤት ውስጥ «ጸሐፊዋ» የሚሏት። ወረቀቱ ላይ በየቀኑ አስር ጭረት፣ በእኩል ርቀት፣ ተሰልፏል። ንፋስ ቢወስድላት በወደደች።

«የእንሽርት ውሃው በጣም ቀንሷል» አለ ሐኪሙ ለእናቷ። «ልጁ የሚንሳፈፍበት ውሃ ማለት ነው። ሲያንስ እትብቱ ተጨምቆ ልጁ ሊታፈን ይችላል። ደግነቱ እንቅስቃሴው ጥሩ ነው፤ ይኸው በየቀኑ አስር። ያለን ኦፕራሲዮን ክፍል አንድ ነው። አሁን አንዲት የምትደማ ገብታለች፣ ሁለት ደግሞ ተራ ይጠብቃሉ። እስከ ነገ ጠዋት ትቆይልን።»

«እግዜር ይስጥልን» አለች እናቷ።

ወረቀቱን የሰጠቻቸው አዋላጅ ነርሷ ነበረች፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት። «በየቀኑ እዚህ ልናያት አንችልም፤ እናንተ እርግጫውን ቁጠሩልን፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስር ከሞላ ደህና ነው» ብላ። ከምሳ በኋላ እህቷ በግራ ጎኗ ትተኛለች። ልጁ ሲራገጥ «አሁን» ትላለች፤ ጸሐፊዋ ትጭራለች። መጀመሪያ ሰሞን ይሳሳቁ ነበር። «ይሄ ልጅ የአባቱን ስንፍና አልወረሰም» ትላለች እህቷ።

ከዚያ የሳይንስ ፈተና ደረሰ። ሰኞ እህቷ ገና ጎኗን ስታሳርፍ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጸሐፊዋ ደብተሯን ገለጠች፤ አንድም «አሁን» ሳትሰማ ሰዓቱ አለቀ። መቀስቀሱ አሳዘናት፤ ሁለት ምዕራፍም ይቀራታል። ክፍል ውስጥ የቤተ ሙከራ ውጤት ሲጠፋባቸው እንደሚያደርጉት፣ ከትናንቱ ገለበጠች።

«ሞላ?» አለች እህቷ ስትነቃ።

«ሞላ። በእንቅልፍ ልብሽ ‹አሁን› ትዪ ነበር እኮ፣ እታለም።»

እህቷ ሳቀች። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ፤ ረቡዕም። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከትቶ ወደ በሩ ተራመደ። ጸሐፊዋ ራሷን ለማጽናናት ሞከረች። ምናልባት ሲራገጥ ነበር። ምናልባት አስርም አልፎ ይሆናል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ከዚያ እህቷን አየቻት። ሆዷን በሁለት ጣት ጫን ታደርግና ትጠብቃለች። ቦታ ትቀይርና ደግማ ትጫናለች።

«ዶክተር።» ወደ በሩ ተከተለችው። ደገመችው። «ዶክተር፣ ወረቀቱ ውሸት ነው።»

«እንዴት?»

«የሦስት ቀኑን ከራሴ ነው የጻፍኩት። ተኝታ ነበር። አልቆጠርንም።»

እናቷ አፏን ይዛ ቀረች። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ወደ እህቷ ጎንበስ አለ። «አንቺስ? በደንብ የተሰማሽ መቼ ነው?»

እህቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «እሁድ» አለች። «ዝም ማለቱ ገብቶኝ ነበር። እሷ ሞላ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ተውኩት።»

ሐኪሙ ከሁለቱ ተራ ጠባቂዎች አስቀደማት። ከምትደማዋ ግን ማስቀደም አልቻለም፤ የኦፕራሲዮኑ አልጋ አንድ ነው። ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ኮሪደሩ ላይ ጠበቁ። ጸሐፊዋ የምትይዘው፣ የምታመጣው፣ የምትሠራው ነገር ፈለገች፤ ምንም አልነበረም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው፤ እንደዛሬ ከብዷት ግን አያውቅም።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ትንሽዬ ነው፤ ሲወጣ አላለቀሰም። ይዘውት ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሮጡ። እዚያ አሥራ አንድ ሕፃናት አሉ፣ ነርስ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ኦክስጅኑም በቀጫጭን ቱቦ ለአራት ይከፋፈላል።

«ከእናንተ አንድ ሰው ይግባ» አለች ነርሷ። «ደረቱ ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ እየቆጠራችሁ በየሩብ ሰዓቱ ጻፉልኝ። ከሠላሳ ካነሰ ወይ ከስልሳ ካለፈ ጥሩኝ።»

«ሌላ ሰው ይቁጠር» አለች ጸሐፊዋ።

እናቷ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል። «እህትሽ ከማደንዘዣው ገና አልነቃችም፣ እኔ አጠገቧ መሆን አለብኝ። ሌላ ማን አለ? እጅሽን ታጠቢና ግቢ።»

የመጀመሪያው ሃምሳ ሁለት ሆነ። ሁለተኛው ሃምሳ አራት። በሦስተኛው፣ ሠላሳ ምናምን ላይ ስትደርስ፣ ከጎን ያለው ሕፃን ጠቆረና ነርሷ እየሮጠች አለፈች። ጸሐፊዋ ቀና አለች። ዓይኗን ወደ ልጁ ስትመልስ ቁጥሩ ጠፍቶባታል።

ሃምሳ ሦስት ብላ ብትጽፍ ማንም አያውቅም። ነርሷም እፎይ ትል ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠች። የግድግዳው ሰዓት የሰከንድ ቆጣሪ ዞሮ እስኪመጣ ጠበቀችና ከአንድ ጀመረች። ደረቱ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፤ የጎድን አጥንቱ መካከል ይሰረጎዳል። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ። ስልሳ አራት።

ስልሳ አራት ብላ ጻፈች። ጽሑፉ ተንጋዶ ወጣ።

«ሲስተር፣ ስልሳ አለፈ።»

ነርሷ ከሌላው ሕፃን ላይ እጇን አላነሳችም። «ሰምቻለሁ። ይሄን እንደጨረስኩ እመጣለሁ። አንቺ ቁጠሪ።»

ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ወደ ልጁ ተመለሰች፤ ቆጣሪው ዞሮ እስኪመጣ ጠበቀችና እንደገና ከአንድ ጀመረች።